«ቻርጅ ብቻ ነው የሚፈልገው»፦ ያገለገለ የኪስ ኦርጋናይዘር ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች። ሥራዬ ቀጠሮና ስልክ ቁጥር የበዛበት ነው። ቀጠሮ ለማየት ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር ሌላ ሌላውን ስነካካ ሰዓቱ ይሄዳል። ስለዚህ ቀጠሮ፣ አድራሻና አጭር ማስታወሻ ብቻ የሚይዝ፣ ከኢንተርኔት ጋር ጉዳይ የሌለው የድሮ ኦርጋናይዘር ልገዛ አስቤአለሁ። ሦስት ማስታወቂያ ለይቻለሁ። አንዱ ፓልም ፋይቭ ነው፤ «ይሠራል፣ ቻርጅ ብቻ ነው የሚፈልገው» ይላል። ሁለተኛው ሳይዮን ሲሪስ 5ኤምኤክስ ነው፤ «ስክሪኑ ጭረት የለውም፣ ድንጋይ ስላልነበረኝ አልሞከርኩትም» ይላል። ሦስተኛው የፓልም ሥራ የሆነው ታንግስተን ኢ2፣ «አዲስ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ» የሚል ሲሆን ዋጋው ከሁለቱም ይበልጣል። ላፕቶፔ 64 ቢት ዊንዶውስ ነው። የትኛውን ልግዛ? ሻጮቹንስ ምን ልጠይቃቸው? ቀጠሮ የበዛበት ነኝ።

መልስ፦ ውድ ቀጠሮ የበዛበት፣

እስከ መጨረሻው እንዳናጓጓዎት መልሱን እናስቀድመው። ሳይዮኑን ይግዙ፤ ነገር ግን ሻጩ ድንጋይ አስገብቶ ካሳየዎት በኋላ እንጂ አሁን በቀረበበት ሁኔታ አይደለም። ታንግስተን ኢ2 ሁለተኛ ምርጫዎ ይሁን፤ ለካርቶኑ ተብሎ የተጨመረውን ዋጋ ግን አይክፈሉ። ፓልም ፋይቩን ይተዉት።

ሻጮቹ ያወሩት በአብዛኛው ስለ መልክ ነው። በዚህ ዕድሜ ላይ ያለ ኦርጋናይዘር ግን በሁለት ነገር ይመዘናል። አንደኛው ኃይል ሲቋረጥበት የጻፉበት ነገር ምን እንደሚሆን ነው። ሁለተኛው የጻፉት ነገር ከዕቃው ወጥቶ ወደ ኮምፒውተርዎ የሚሄድበት መንገድ መኖር አለመኖሩ ነው። የተጫረ ስክሪን ይነበባል። ቀጠሮ የሚረሳ ኦርጋናይዘር ግን ቀድሞውኑስ ለምን ይገዛል?

ከሚሞሪው እንጀምር። በአብዛኞቹ የዚያ ዘመን ዕቃዎች ፕሮግራሞቹ የተቀመጡት በማይጠፋ ሚሞሪ ላይ ነው፤ እርስዎ የሚያስገቡት ቀጠሮና አድራሻ የሚቀመጠው ግን ራም ላይ ነው። ራም ኃይል እስካገኘ ድረስ ይይዛል፤ ኃይሉ ከተቋረጠ ባዶ ነው። ዕቃው «ጠፍቶ» ሳለ እንኳ ራሙን ለመመገብ ከባትሪው በትንሽ በትንሹ ይወስዳል። ስለዚህ 1999 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የወጣውን ፓልም ፋይቭ ባትሪው እስኪሞት መሳቢያ ውስጥ ቢረሱት፣ መልሰው ቻርጅ ሲያደርጉት የሚያገኙት ከፋብሪካ እንደወጣ ባዶ ዕቃ ነው፤ ስክሪኑን በእስክሪብቶው እየነኩ እንዲያስተካክሉት፣ ቀንና ሰዓት እንዲሞሉለት ይጠይቅዎታል። ያስቀመጡት ስልክ ቁጥር ሁሉ የለም።

ፓልም ይህን የለወጠው 2004 ከወጣው ታንግስተን ቲ5 ጀምሮ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ታንግስተን ኢ2፣ ቲኤክስ እና ዜድ22 ባትሪው ቢያልቅም የተጻፈውን አይጥሉም። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ከኢ2 በፊት፣ 2003 ላይ፣ ታንግስተን ኢ የሚባል ሞዴል ነበር፤ በስም የሚለየው አንድ አሃዝ ነው፣ በመልክም ይቀራረባሉ፤ የድሮው ግን ባትሪው ሲያልቅ ሁሉንም ይረሳል። ሻጮች «2» ዋን መጻፍ ይረሳሉ፣ ወይም ሳይኖር ይጨምሯታል። የጀርባውን ጽሑፍ በፎቶ ይጠይቁ። በዊንዶውስ የሚሠሩ የኪስ ኮምፒውተሮችን ካዩም ደንቡ ያው ነው፤ ከዊንዶውስ ሞባይል 5 በፊት ያሉት፣ ማለትም ከ2005 በፊት የወጡት፣ ባትሪ ሲያልቅ ባዶ ይሆናሉ።

ሳይዮን 5ኤምኤክስም የሚጽፈው ራም ላይ ነው። ታዲያ ለምን እሱን አስቀደምን? ምክንያቱ ባትሪው ነው። ሁለት ተራ ኤኤ ድንጋይ ይበላል፤ ከጎኑ ደግሞ ሲአር 2032 የምትባል ክብ ጠፍጣፋ ተጠባባቂ ባትሪ አለችው። ዋናዎቹን ድንጋዮች ሲቀይሩ ሚሞሪውን የምትይዘው ይህች ክብ ባትሪ ናት። ሁለቱም ዓይነት ዛሬም እንደ ልብ ይገኛሉ፣ ነገም ይገኛሉ። አንድ ጥንድ ጥሩ አልካላይን የስክሪኑን መብራት ካላበዙበት ወደ 20 ሰዓት የሚጠጋ ሥራ ያሠራል፤ ለቀጠሮና ለማስታወሻ ይህ ሳምንታት ማለት ነው። የሁለቱ ፓልሞች ባትሪ ግን በውስጣቸው የታሸገ ሊቲየም ነው፤ ዕድሜውም የሚቆጠረው ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ነው።

ይህ ወደ «ያልተከፈተው ካርቶን» ያመጣናል። ሊቲየም ባትሪ ባይነካም ያረጃል። መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ቀስ በቀስ ራሱን ያፈስሳል፤ ቮልቴጁ ከሚገባው በታች ሲወርድ የመከላከያ ሰርኪዩቱ ይቆልፈዋል፣ ከዚያ በኋላ ቻርጅ አልቀበልም ሊል ይችላል። ስለዚህ 2005 የወጣ ሞዴል ካርቶኑ ሳይከፈት እስከ ዛሬ ቆይቷል ማለት ባትሪው አንድም ቀን ሳይሞላ ይህን ሁሉ ዓመት ተኝቷል ማለት ነው። ሲጠቀሙበት፣ በየጊዜው ቻርጅ ሲያደርጉት የኖሩት ኢ2 ጎኑ ቢጫርም ባትሪው ከዚህ የተሻለ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ካርቶን ለሰብሳቢ ዋጋ አለው፤ ለእርስዎ ግን የለውም። ሻጩ ካርቶኑን ከፍቶ ለማሳየት ፈቃደኛ ካልሆነ (ብዙዎቹ አይሆኑም፣ ዋጋው ይወድቃላ!) ባትሪው እንደሞተ ቆጥረው ይደራደሩ፣ ወይም ይለፉት።

ያበጠ ባትሪ ደግሞ የዋጋ ጉዳይ አይደለም፤ የአደጋ ጉዳይ ነው። ጀርባው ጠረጴዛ ላይ እኩል የማይቀመጥ፣ በስክሪኑ ጠርዝና በአካሉ መካከል ክፍተት የሚታይበት፣ ወይም ስክሪኑ ላይ ከውስጥ የተጫነ የሚመስል ነጠብጣብ ያለበት ዕቃ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነቱን ቻርጅ አያድርጉ፣ አይውጉት፣ አይጫኑት። ፎቶ ሲጠይቁ ከጎን በኩል፣ በጠረጴዛ ከፍታ የተነሳ አንድ ፎቶ እንዲጨመር የምንመክረው ለዚህ ነው፤ ከላይ የተነሳ ፎቶ እብጠት አያሳይም።

ፓልም ፋይቩን ለምን ሙሉ በሙሉ እንደጣልነው እንንገርዎት። አካሉ በብሎን ሳይሆን በሙጫ የተዘጋ ነው፤ ባትሪ ለመቀየር ሙጫውን በሙቀት አላልቶ መፈልቀቅ ያስፈልጋል፣ በዚያ ላይ ቀጭኑ አካል ይጣመማል። ቻርጅ የሚሆነው ለእሱ በተሠራው ማስቀመጫ ላይ ተቀምጦ ነው፤ ማስቀመጫው ከሌለ ዕቃው ዋጋ የለውም። የማስቀመጫው ገመድም ባለ 9 እግር ሲሪያል መሰኪያ ነው፤ በአዲስ ላፕቶፕ ላይ የለም። «ቻርጅ ብቻ ነው የሚፈልገው» የሚለው ቃል ቢያንስ ቢያንስ ዕቃው ለረጅም ጊዜ ቻርጅ ሳይደረግ መቆየቱን ነግሮዎታል። ቻርጅ ይቀበል እንደሆነ ግን ሻጩ ራሱ አያውቅም፤ ቢያውቅ ኖሮ «ቻርጅ ሆኗል» ይል ነበር። ባለ ሙጫ አካል፣ የታሸገ አሮጌ ባትሪ፣ ራም ላይ ያለ ሚሞሪ። ሦስቱ ባንድ ዕቃ ላይ ሲገናኙ ለዕለት ሥራ አይሆንም፤ ቆንጆነቱን ግን አንክድም።

ልብዎ ፓልም ላይ ከሆነ ድንጋይ የሚበሉ ሞዴሎችም አሉ። 1998 የወጣው ፓልም ስሪ እና 2000 የወጣው ኤም100 ሁለት ኤኤኤ ድንጋይ ይወስዳሉ። ባለቀለም ስክሪኑ ፓልም ስሪሲ ግን ባትሪው የታሸገ ነው፣ ከእነዚህ ጋር አያቀላቅሉት። በፓልም ስሪ ላይ ተጠባባቂ ባትሪ የለም፤ ድንጋይ ሲቀየር ሚሞሪውን ለአንድ ደቂቃ ያህል የሚይዘው ትንሽ ካፓሲተር ነው፣ እሱም ሲያረጅ ይደክማል። አዲሱን ጥንድ አጠገብ አዘጋጅቶ፣ ዕቃውን አጥፍቶ፣ ፈጠን ብሎ መቀየር ነው።

አሁን ወደ ሳይዮኑ፤ እዚህ ላይ ረዘም እንላለን፣ ምክንያቱም ጥሩው ጥሩ፣ መጥፎው ደግሞ በጣም መጥፎ ነው።

በመጀመሪያ ሞዴሉን ያረጋግጡ። ሲሪስ 5 (1997) እና 5ኤምኤክስ (1999) በውጭ አካላቸው መንታ ናቸው። በውስጥ ግን 5ኤምኤክስ ፍጥነቱ እጥፍ ነው፣ ሚሞሪውም 16 ሜጋባይት ነው፤ የመጀመሪያው 4 ወይም 8 ነበረው። ሦስተኛ ዘመድ አላቸው፤ ሬቮ ይባላል። ከሁለቱም ያንሳል፣ ያምራል፣ ኪስ ውስጥም በደንብ ይገባል። ሆኖም ባትሪው በውስጡ የታሸገ ኒኬል ነው፣ ተጠባባቂ ባትሪ የለውም፣ የካርድ ማስገቢያም የለውም። ሻጭ «ሳይዮን፣ እንደ 5 ያለ» ብሎ ሬቮ ካቀረበልዎ ትህትና ባለው ቃል ይመልሱት።

የሲሪስ 5 ቤተሰብ የታወቀ በሽታ የስክሪን ገመዱ ነው። ሲከፈት ኪቦርዱ ወደፊት ተንሸራትቶ ስክሪኑ ወደኋላ ይደገፋል፤ ስክሪኑን ከዋናው ሰሌዳ ጋር የሚያገናኘው ስስ ሪባን ገመድ በእያንዳንዱ መክፈትና መዝጋት አንድ ቦታ ላይ ይታጠፋል። ከዓመታት በኋላ በውስጡ ያሉት የመዳብ መስመሮች አንድ በአንድ ይሰነጠቃሉ። ምልክቱ ስክሪኑን የሚያቋርጡ መስመሮች፣ የስክሪኑ መንቀጥቀጥ፣ ወይም በአንድ ማዕዘን ላይ ጠፍቶ ትንሽ ሲያንቀሳቅሱት የሚመለስ ምስል ነው። አንድ ፎቶ ይህን ፈጽሞ አያሳይም፤ ገመዱ እየሞተ ሳለ በትክክለኛው ማዕዘን የተነሳ ፎቶ ንጹሕ ይሆናል። ስለዚህ ቪዲዮ ይጠይቁ። ዕቃው በርቶ፣ ካሜራው ስክሪኑ ላይ ሆኖ፣ ቀስ ብሎ እስከ ግማሽ ይዘጋና እንደገና ይከፈት፤ ይህን ሦስት ጊዜ ይድገመው። በዝግታ፤ በፍጥነት ከተደረገ ብልጭታው አይያዝም። ምስሉ አንዴ እንኳ ከተንቀጠቀጠ ገመዱ ጀምሮታል፣ አይመለስም። ገመዱ ይቀየራል፤ ግን ሙሉውን አካል መፍታት፣ ብዙ ጥቃቅን ንክኪዎች ያሉትን ገመድ በትክክል መግጠም፣ ማጠፊያውን መልሶ ማሰባሰብ ይጠይቃል። ይህን ራስዎ ወይም የሚያውቁት ጠጋኝ ካልሠራው በስተቀር እንዲህ ዓይነቱን ዕቃ በመለዋወጫ ዋጋ እንጂ በዕቃ ዋጋ አይግዙ።

ሁለተኛው ጠላት የፈሰሰ ድንጋይ ነው። «ድንጋይ ስላልነበረኝ» ያለው ሻጭ የባትሪ ክዳኑን ከፍቶ ፎቶ ያንሳልዎት። ነጭ ዱቄት ወይም አረንጓዴ ዝገት በብረት ንክኪዎቹ ላይ ካለ አሮጌ አልካላይን ፈስሶበታል። ጥቂት ከሆነ ይጸዳል። የአልካላይን ፍሳሽ ቤዝ ስለሆነ አሲድ ያከሽፈዋል፤ ጥጥ የተጠቀለለበት ቀጭን እንጨት በአቼቶ ወይም በሎሚ ጭማቂ ነክረው፣ ጨምቀው (እርጥብ ይሁን እንጂ የሚንጠባጠብ አይሁን) ንክኪውን ይጥረጉት፤ ቀጥሎ በሌላ ጥጥ 90 ከመቶ በላይ በሆነ አልኮል ያጽዱት፤ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ክዳኑ ተከፍቶ ይድረቅ። ፈሳሽ በቀጥታ አያፍስሱበት፤ ዱቄቱ በዓይንና በቆዳ ላይ እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ዝገቱ ንክኪውን በልቶ ከቀጠነ ወይም ከባትሪው ክፍል አልፎ ወደ ውስጥ የገባ መስሎ ከታየ ግን ይተዉት፤ የሚያዩት ጫፉን ነው።

ለነገሩ ሁለት ኤኤ ድንጋይ አጥቶ ሳይሞክር የሚሸጥ ሰው ወይ ሰነፍ ነው፣ ወይ ሞክሮት አይቶታል። የትኛው እንደሆነ ከዚህ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ «አልሞከርኩትም» የሚለውን ቃል ዋጋ ሲያወጡ «ተበላሽቷል» ብለው ያንብቡት። ሠርቶ ከተገኘ ትርፉ የእርስዎ ነው።

ለሳይዮኑ ሻጭ እንደዚህ ብለው ይጻፉለት፦ «ዕቃውን እፈልገዋለሁ። ሁለት አዲስ ኤኤ አልካላይን አስገብተው ቢሞክሩልኝ የድንጋዩን ዋጋ እጨምራለሁ። የባትሪውን ክፍል ባዶውን፣ የጀርባውን የሞዴል ጽሑፍ፣ የበራውን ስክሪን፣ እንዲሁም በርቶ ሳለ ሦስት ጊዜ ቀስ ብሎ ሲዘጋና ሲከፈት የሚያሳይ ቪዲዮ ይላኩልኝ። እስክሪብቶው አለ? ሲልኩት ድንጋዮቹን አውጥተው፣ ተዘግቶ፣ በስፖንጅ ተጠቅልሎ ይሁን።» ይህን የማይሠራ ሻጭ ሌላ ገዢ ያግኝ።

ለታንግስተኑ ሻጭ ጥያቄው ሌላ ነው። ባትሪው ምን ያህል እንደሚይዝ የሚለየው ጊዜ ብቻ ነው፦ «ሙሉ በሙሉ ቻርጅ አድርገው ከቻርጀሩ ይንቀሉት፤ ማስታወሻ ውስጥ የዛሬን ቀንና ስሜን ይጻፉበት፤ ነገ በዚሁ ሰዓት ሳይሰኩት አብርተው የባትሪውን ምልክት ፎቶ ያንሱልኝ።» ጤነኛ ባትሪ በአንድ ቀን ዕረፍት ምልክቱ እምብዛም አይወርድም። ያረጀ ባትሪ ደግሞ ቻርጀሩ ላይ ሳለ ሙሉ ይመስልና ተነቅሎ መብራቱ ሲበራ በደቂቃዎች ውስጥ ይወድቃል። ኦሪጅናሉ ቻርጀር አብሮ መኖሩንም ይጠይቁ፤ መሰኪያው ሰፊ፣ ለዚያ ትውልድ ፓልም ብቻ የተሠራ ነው፣ ተራ የስልክ ገመድ አይገባበትም። ባትሪው ከሞተና ለመቀየር ከተዘጋጁ ያው ዕቃ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ስክሪኑ ባለቀለም 320 በ320፣ ብሉቱዝም አለው።

ስክሪኖቹን ስለመፈተሽ ጥቂት። የሁሉም ስክሪን ግፊት የሚሰማ ዓይነት ነው፤ ሁለት ሽፋኖች ሲነካኩ ነጥቡ ይታወቃል፣ ሽፋኑ ሲያልቅ ነጥቡ ይንሸራተታል። ሳይዮን ላይ የሥዕል ፕሮግራሙን፣ ኢ2 ላይ በእጅ የሚጻፍበትን ማስታወሻ ይክፈቱና ከጥግ እስከ ጥግ ሁለት ሰያፍ መስመሮችን በዝግታ ያስምሩ። የሚዘል ወይም የሚቆረጥ መስመር ቦታው መሞቱን ይናገራል። መስመሩ ቀጥ ብሎ ከእስክሪብቶው ትንሽ ራቅ ብሎ ከሄደ ግን አይደንግጡ፤ ከሴቲንግ ውስጥ ስክሪኑን ማስተካከል ይበቃል። ሳይዮኑ ላይ ኪቦርዱን በሙሉ አንድ ጊዜ ይምቱት፤ የማይጽፍ ወይም ሁለት ጊዜ የሚጽፍ ፊደል ይታያል። መብራቱን ጨለማ ክፍል ውስጥ ያብሩት፤ በዚያ ዘመን የነበረው አረንጓዴ የሚያበራ ሽፋን በሠራ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል፣ አይታደስም። የአካሉ የላስቲክ ቅብ የሚያጣብቅ ከሆነ መልክ ብቻ ነው፤ በአልኮል ይጠረጋል።

አሁን የመውጫውን መንገድ እንይ፤ ላፕቶፕዎ 64 ቢት መሆኑን መንገርዎ ጥሩ ሆነ። ፓልም ለዩኤስቢ ያዘጋጀው ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ዕቃውን እንዲያውቀው የሚያደርገው ፕሮግራም) 32 ቢት ብቻ ነው፤ ኢ2 ን በገመድ ሰክተው «ይመሳሰላል»፣ ማለትም በሁለቱ ላይ ያለው መረጃ አንድ ይሆናል ብለው አይጠብቁ። ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው። በብሉቱዝ ማመሳሰል፣ ላፕቶፑ ውስጥ 32 ቢት ኤክስፒ (የድሮ ዊንዶውስ) በቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር በሚሠራ ፕሮግራም) አስነስቶ ዩኤስቢውን ለእሱ መስጠት፣ ወይም ሊኑክስ (ከዊንዶውስ የተለየ የኮምፒውተር ሥርዓት) ላይ ጄ-ፓይለት የተባለውን ፕሮግራም መጠቀም። ሦስቱም ይሠራሉ፣ ሦስቱም ግማሽ ቀን ይበላሉ። ለኢ2 ኤስዲ ካርድ ሲፈልጉም አሮጌና ትንሽ ይሁን፤ ኤስዲኤችሲ የሚል ጽሑፍ ያለበትን አያነብም።

ሳይዮኑ እዚህ ላይ ያሸንፋል። በጎኑ የኮምፓክትፍላሽ ካርድ ይገባበታል፤ ካርዱን አውጥተው ተራ የካርድ ማንበቢያ ላይ ሲሰኩት ላፕቶፕዎ እንደማንኛውም ፍላሽ ያየዋል፤ ድራይቨር የለ፣ ሲሪያል የለ። ሆኖም ፋይሎቹ በሳይዮን የራሱ ቅርጽ ስለሆኑ ዊንዶውስ አይከፍታቸውም። ማስታወሻዎችን ከጽሑፍ ፕሮግራሙ ውስጥ ወደ ተራ ጽሑፍ ፋይል አውጥተው ካርዱ ላይ ያስቀምጡ፤ የቀጠሮውን ፋይል ደግሞ እንዳለ ይቅዱት። ቅጂው ላፕቶፑ ላይ ባይከፈትም፣ ሚሞሪው በጠፋ ቀን ወደ ሳይዮኑ መልሰው ሲያስገቡት ሁሉም በቦታው ይገኛል፤ ባክአፕ የሚባለው ይኸው ነው። ትልቅ ካርድ አያሳድዱ፤ ለጽሑፍ 64 ሜጋባይትም ይተርፋል፤ ካርዱን እዚያው ሳይዮኑ ላይ ፎርማት ያድርጉት። የሲሪያል ገመዱ ለብቻው የተሠራ መሰኪያ ያለው ነው፤ አብሮ ከመጣ ደስ ይበልዎት፣ ከሌለ ግን ለእሱ ብለው ግዢውን አይተዉ። ሊኑክስ ካለዎት ፒኤልፒቱልስ የተባለው ፕሮግራም በዚያ ገመድ በኩል ያነበዋል።

ሁለት ነገር አስቀድመው ይወቁ። የፓልም ካላንደር የሚያበቃው በፈረንጅ ዲሴምበር 31 ቀን 2031 ነው፤ ዓመቱን የሚቆጥረው ከ1904 ተነስቶ በ7 ቢት (128 ዓመት ብቻ) ስለሆነ ከዚያ በላይ ቦታ የለውም። ሩቅ ቀጠሮ የሚያስይዝ ሥራ ካለዎት ይህ ከአሁኑ ይገድብዎታል። ሌላው ፊደል ነው። ሁለቱም ዕቃዎች ቁምፊ የሚያስቀምጡት በ8 ቢት (ቢበዛ 256 ምልክት) ነው፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ወደ ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሥርዓት) የገባው 1999 ላይ፣ በዩኒኮድ 3.0 ነው። በአማርኛ የተጻፉ ስሞችን ከስልክዎ ብትልኩባቸው ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው ይገባሉ። ስሞቹን ከመላክዎ በፊት በላቲን ፊደል ይጻፏቸው፤ ከገቡ በኋላ ማስተካከል እያንዳንዱን እንደ አዲስ መጻፍ ነው።

ዕቃው እጅዎ ሲገባ የቀድሞው ባለቤት አድራሻዎች ሊኖሩበት ይችላሉ፤ አያንብቡ፣ ያጥፉ። ፓልም ላይ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭነው ሳሉ በጀርባው ቀዳዳ ያለውን ሪሴት በቀጭን ነገር ይጫኑና ይልቀቁ፤ የፓልም ምልክት ሲመጣ ማብሪያውን ይልቀቁ፤ ሁሉም ይጥፋ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ወደ ላይ የሚያሳየውን ቁልፍ ይጫኑ። ሳይዮን ላይ ድንጋዮቹንም ክቧን ባትሪም አውጥተው ለአንድ ሰዓት ያህል ይተዉት።

ከዚያ ሁለት አዲስ አልካላይን፣ ቀጥሎም አዲስ ሲአር 2032 ያስገቡ። የድሮዋን ክብ ባትሪ አትመኗት፤ ለስንት ዓመት እዚያ እንደነበረች አይታወቅም። ርካሹን የካርቦን ድንጋይ አይጠቀሙ፤ ቶሎ ይፈስሳል፣ ካርድ ላይ ሲጻፍ የሚጠየቀውን ኃይልም አይችለውም። ቻርጅ የሚደረግ ኒኬል ድንጋይ ይሠራል፤ ሆኖም ቮልቴጁ 1.2 እንጂ እንደ አልካላይን 1.5 ስላልሆነ የባትሪው ምልክት ገና ሲጀምር ደክሟል ሊል ይችላል። ከዚህ በኋላ አንድ ሕግ አይጣስ፦ ድንጋዮቹና ክቧ ባትሪ በአንድ ጊዜ ከውስጥ አይውጡ። ድንጋይ የሚቀየረው ክቧ በጥሩ ሁኔታ ላይ ሳለች ነው፤ ክቧ የምትቀየረው ድንጋዮቹ አዲስ ሳሉ ነው። የሳይዮን ተጠቃሚዎች ሚሞሪ የሚጠፋው ከምንም በላይ በዚህ ስሕተት ነው።

እውነተኛ ቀጠሮዎችዎን ወዲያው አያስገቡበት። አሥር ያህል የይስሙላ ቀጠሮና ስም ይጻፉ፣ ዕቃውን ያጥፉት፣ ድንጋዮቹን ለአንድ ደቂቃ ያውጡና ይመልሱ። ሁሉም በቦታቸው ካሉ ተጠባባቂው መስመር ይሠራል ማለት ነው። ካልተገኙ ክቧን ባትሪ በሌላ አዲስ ቀይረው፣ ንክኪዋን በአልኮል ጠርገው አንድ ጊዜ ይድገሙት፤ አሁንም ከጠፋ ዕቃውን ይመልሱ። ለሁለት ቀን በርቶ እየጠፋ፣ እየተከፈተ እየተዘጋ ይዋል። በመጨረሻ የይስሙላውን ጽሑፍ ካርዱ ላይ አስቀምጠው ላፕቶፑ ላይ ይክፈቱት። የመመለሻው ቀን ስንት እንደሆነ ከሻጩ አስቀድመው በጽሑፍ ይያዙ፤ ካርዱን ላፕቶፑ ላይ ሳያነቡት ያ ቀን እንዳያልፍብዎ።